ኮሶዬ ሄዳችሁ ጉም ብቻ ያያችሁት ለምንድነው፣ ቀጥሎስ ወዴት ብትሄዱ ይሻላል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ጎንደር ከተማ ነው ምትኖሩት፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉሽ፣ መኪና የላችሁም፣ ሐምሌ ላይ ከዘመድ ጋር ተዳብላችሁ ኮሶዬ ሄዳችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ደርሳችሁ ጉምና ጭቃ አይታችሁ ተመለሳችሁ። አሁን ደሞ ትንሹ ልጅሽ አልጣሽ ፓርክ ሄጄ አንበሳ ካላየሁ እያለ አስቸግሮሻል፣ የስሜን ተራሮች ፓርክ ደሞ የፈረንጅና የሃብታም ነው ሲሉሽ ተስፋ ቆርጠሻል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይዘን የት እንሂድ፣ ጋይድ ግድ ነው ወይ፣ ባይኖኩላርስ እንግዛ ወይ ነው ያልሽው።

እኔ ሙያዬ የዱር እንስሳት ነው፣ ስራዬም እዚሁ እኛው አካባቢ ነው፣ እና ሰው ሁሉ የት ልሂድ ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ በስንት ሰዓት ልድረስ ብሎ ሚጠይቀኝ የለም። እኔ ግን ከቦታው በፊት ሰዓቱን ብትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኮሶዬን በ6 ሰዓት ያየ ሰውና በ1 ሰዓት ተኩል ያየ ሰው ስለ አንድ ቦታ ሚያወሩ አይመስሉም እኮ።

ኮሶዬ ምንም አላጠፋችም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፣ ደጋው ላይ ስትወጪ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከታች የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን እየታከከ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፣ ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ደሞ ይብስበታል። እናንተ የደረሳችሁት በወሩም በሰዓቱም መጥፎው ላይ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ያለው ጊዜ ግን ሌላ ነው፣ ዝናቡ ወጥቷል፣ ሳሩ ገና አልደረቀም፣ አየሩ ታጥቦ እስከ ሩቅ ያሳያል፣ አደይ አበባውም ገና ሳይረግፍ ልትደርሱ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጭላዳ ዝንጀሮ ልምጣ፣ ምክንያቱም ልጆቹ እንዲያዩ የምትፈልጊው እሱን ይመስለኛል። ጭላዳ ቀን ቀን ደጋው ላይ ይውላል እንጂ ሌሊት የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፣ ጅብና ነብር በማይደርሱበት ጠባብ እርከን ላይ ተጣብቆ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስትነካው አንድ ባንድ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወጥተው ግን ወዲያው አይበተኑም፣ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይፈትሻል፣ ግልገሎቹ ይላፋሉ። ይሄ ነው ለልጆች ሚሆነው ሰዓት፣ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው፣ ቅርብም ናቸው። ከዛ በኋላ እየጋጡ እየጋጡ ይርቃሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ላይ ተበትነው ምናልባትም ከመንገዱ ርቀው ታገኛቸዋለሽ ወይ ጭራሽ አታገኛቸውም። አመሻሽ ላይ ደሞ ተመልሰው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፣ ያ ሁለተኛው እድል ነው ግን መኪና ለሌለው ሰው አይመችም። በተረፈ ስሜን ላይ እንደሚሆነው በመቶ ሚቆጠር መንጋ ኮሶዬ ላይ አትጠብቂ፣ የማይታዩበት ቀንም አለ፣ ይሄን ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ካገኛችኋቸው ደሞ ቁጭ በሉ። ቆሞ ፎቶ አንስቶ መሄድ ነው የሁላችን በሽታ። ሃያ ሰላሳ ሜትር ራቅ ብላችሁ ሳሩ ላይ ተቀመጡና ልጆቹ እጃቸውን ብቻ እንዲያዩ አድርጊ። አመልካች ጣቱ አጭር ስለሆነ ከአውራ ጣቱ ጋር ጥሩ ይገጥማል፣ ሳሩን ቅጠል በቅጠል ይነቅላል፣ በሁለቱም እጁ እያፈራረቀ፣ ጭብጡ ሲሞላ ነው ወደ አፉ ሚወስደው። ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄድ ደሞ አይነሳም፣ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ቀኑን ሙሉ ሳር እየጋጠ የሚኖር ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዛሬ እሱ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀዩ ያልፀጎረ ቦታ ወንዱ ላይ ቦግ ሲል መንጋ ያለው ብርቱ ወንድ መሆኑን ያሳያል። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳያችሁ ግን እየሳቀ አይደለም፣ ቀርባችሁኛል ማለቱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

እባክሽ ብስኩት ቆሎ ምናምን አትስጧቸው። የምግብ ስስት ይዞኝ አይደለም፣ ሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ ልጅ እጅ ላይ ያለውን ይነጥቃል፣ ከዛም የገበሬው ገብስ ውስጥ ይገባል፣ ገበሬው ደሞ በድንጋይና በውሻ ያባርረዋል። ጨዋታው እንደዛ ነው ሚጀመረው፣ መኪና አቁሞ ሙዝ ሚወረውረው ሰው ግን ያንን አያይም፣ ፎቶውን ይዞ ሄዷል።

ሌላው ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ጥንብ አንሳዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ክንፋቸው ሰፊ ጭራቸው አጭር ነው። ከነሱ መሃል ክንፉ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ጭራው እንደ ጦር ጫፍ የሾለ፣ ሆዱ ወርቃማ የሆነ ትልቅ አሞራ ካያችሁ አጥንት የሚሰብረው አሞራ ነው። ሌሎቹ ስጋውን ሲጨርሱ እሱ አጥንቱን ያነሳና ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ካልተሰበረ ወርዶ አንስቶ ይደግማል፣ ስብርባሪውን ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል። እንደዚህ ሲያደርግ ካያችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ሲያንዣብብ ግን ጠዋት ረፋዱ ላይ አየሩ መሞቅ ሲጀምር ደህና ይታያል፣ የሞቀው አየር ነው ወደ ላይ የሚያነሳው።

እንዴት እንሂድ ላልሽው፣ ከመናኸሪያ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት ወይ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ገብታችሁ ኮሶዬ አውርደን ማለት ነው። የመጀመሪያውን መኪና ያዙ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ከተገኛችሁ ፀሐዩ ሳይጠነክር ትደርሳላችሁ። ችግሩ መመለሻው ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከደባርቅ ሚመጡት ሞልተው ስለሚያልፉ ቆማችሁ ትቀራላችሁ፣ ስለዚ ከምሳ በፊት መንገድ ላይ ውጡ። እዛ ፈቃድ ያለው ጋይድ ግድ አይደለም ግን አንድ የሰፈሩን ጎረምሳ ትንሽ ከፍላችሁ ያዙ፣ ጭላዳዎቹ ያን ሰሞን የቱ ጋ እንደሚወጡ ከማንም በላይ እሱ ነው ሚያውቀው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ሳር ሸፍኖት ከስሩ ባዶ የሆነ ቦታም ያሳያችኋል። ልጆቹን ከጫፉ አርቂ፣ ስምንት ዓመቱን ደሞ እጁን ይዘሽ። እና ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቂ፣ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ካልሆነ ደሞ ገደሉ የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ምርጫ ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ጎርጎራ ነው። በአዘዞ በቆላ ድባ አድርጎ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ብዙ ሰው ጎርጎራን አሳ በልቶ መመለሻ አድርጎ ነው ሚያስበው፣ አሳውም ጥሩ ነው አልክድም፣ ግን ጣና ዙሪያው ከነርጥብ መሬቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩ የሚጠበቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል፣ እና ጎርጎራ የዛ ሰሜናዊ በር ነች ማለት ይቻላል። እዚህም ሰዓቱ ነው ወሳኙ፣ ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ ውሃው ረግቶ እያለ ወፎቹ ዳር ናቸው፣ ከሰዓት ማዕበሉ ሲጀምር ጀልባውም ያንገላታል ወፉም ይሸሻል። ከህዳር እስከ የካቲት ብትሄዱ ደሞ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ እንግዳ ወፎች ይጨመራሉ፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅሞቹ ወፎች በብዛት ሚያርፉት ግን በምስራቅ በኩል ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ውሃ ዳር እንደ ትንሽ አዞ ሚሳብ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ አርጃኖ ነው።

ለትልቋ ልጅሽ አንድ ነገር ንገሪያት፣ ሳይንስ ትወዳለች ስላልሽ። ጣና ውስጥ ካሉት አሳዎች አንድ ቡድን አለ፣ ነጭ አሳ እያልን በጅምላ የምንጠራው፣ ሳይንቲስቶቹ ለያይተው ሲያዩት ከአስር በላይ የተለያየ ዝርያ ሆኖ ነው ያገኙት፣ አንዱ ሌላ አሳ በላተኛ፣ ሌላው ጭቃ ቆፋሪ፣ ሌላው ቅጠል ለቃሚ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን አሳ ስለሚያግደው እዛው ሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ቀርተው ነው እንዲህ የተለያዩት። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያራግፉ ጠጋ ብላ አፋቸውን ታስተያይ፣ ወደ ታች የዞረ አፍ አለ፣ ፊት ለፊት የተከፈተ ሰፊ አፍ አለ፣ ምን እንደሚበሉ ከአፋቸው መገመት ትችላለች።

ጎርጎራ ላይ ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። አንደኛ ልጆቹ ዳር ዳሩ ላይ እግራቸውን ነክረው እንዳይጫወቱ፣ ቢልሃርዝያ አለ፣ ተህዋሲውን ተሸክማ ውሃው ውስጥ ምትለቀው ትንሿ ቀንድ አውጣ ሣርና ቄጠማ ያለበት ረጋ ያለ ውሃ ነው ምትወደው፣ ልጆችም ሚወዱት እሱኑ ነው። ሁለተኛ ጎርጎራ ያለችበት ደምቢያ ወባ አለ፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት፣ ማደር ካሰባችሁ አጎበር ያለበት ቦታ እደሩ። እንቦጩንም ሳታዩ አትመለሱም፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፣ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፣ የሚያምር ወይን ጠጅ አበባ አለው። ልጆቹ አበባውን ቆርጠን ቤት እንውሰድ ቢሉሽ እንዳትፈቅጂ፣ ቁራጩም ዘሩም ሌላ ውሃ ላይ ከገባ ያው ሌላ ጣጣ ነው።

ስሜን የሃብታም ነው የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለኢትዮጵያዊ መግቢያው አይደለም ሚያስከፍለው፣ መኪናው ነው። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፣ እስከዛ በሚኒባስ ትሄዳላችሁ፣ ከደባርቅ ወደ ውስጥ ግን መኪና መኮናተር አለባችሁ፣ ስለዚ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደምራችሁ መሄድ ነው መላው። በጃናሞራ መስመር ሚያልፉ ኢሱዙዎች አሉ፣ ወጣት ብትሆኑ ልጅ ባትይዙ እነሱን እላችሁ ነበር። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው፣ እዛ ትመዘገባላችሁ፣ መሳሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ እዚህ ላይ ምርጫ የለም ግድ ነው። ጠይቁት ደሞ፣ ስካውቶቹ አብዛኞቹ እዛው ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ዝም ብለው ሚሄዱት ማንም ስለማያወራቸው ነው።

የምመክርሽ ቅዳሜ ከሰዓት ደባርቅ ገብታችሁ አድራችሁ እሁድ በጠዋት ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ካምፕ መውጣት ነው። ከጎንደር በዛው ቀን ደርሳችሁ ልመለስ ካላችሁ ፓርኩ ውስጥ ምትገቡት ረፋድ ላይ ነው፣ ያው የኮሶዬ ታሪክ ሊደገም ይችላል። ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው፣ ጎንደር 2200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሳንቃበር ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ ባንዴ ሲወጣ ልጅ ራሱን ያመዋል ያቅለሸልሸዋል። ራስ ምታቱ ካልተሻለው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ትንሽ ይታገስ ማለት የለም። ጋቢና ባርኔጣ አንድ ላይ ያዙ፣ ጠዋት ይበርዳል ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል።

ዋልያ ካላየን እንዳትሉ። ዋልያ ያለው ስሜን ብቻ ነው፣ ዓለም ላይ ሌላ የለም፣ ቁጥሩም ጥቂት መቶ ነው፣ ደህና ሚታየው ደሞ ራቅ ብሎ ጨነቅ አካባቢ ስለሆነ በአንድ ቀን ከልጅ ጋር መሮጥ ይሆናል። ከዛ ይልቅ የአስታውን ደን ቀስ ብላችሁ ብታልፉበት፣ ከቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሽበት የመሰለ ነገር ብታዩ ይበቃል። ከፍ ካላችሁ ጅብራ ታገኛላችሁ፣ ልጆች ዘንባባ ነው ይላሉ፣ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንዴ ሰው የሚያክል፣ ከሰውም የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ ያወጣና ከዛ ይሞታል። ደርቀው የቆሙት እነሱ ናቸው፣ ማንም አላቃጠላቸውም። እሳት ግን እውነተኛ ስጋት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጋቢት ሚያዝያ ገደማ የተነሳው እሳት ከእስራኤል ድረስ አጥፊ አስመጥቷል፣ ስለዚ በደረቁ ወራት ውስጥ ቡና እናፍላ ሚባል ነገር የለም።

ፓርኩ ሲቋቋም ጀምሮ ሰው ያልነበረበት ባዶ ዱር እንዳይመስላቸው ደሞ። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተባለ፣ ከዛ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው፣ ከመውጣቱ በፊት ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ዛሬ ሳር ሆኖ ሚያምረው ሜዳ አንዳንዱ የሰው የገብስ ማሳ ነበር። ደባርቅ ስታድሩ ሻይ ሚሸጥላችሁ ሰው ከዛ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ማወቅ ደግ ነው፣ እኔ እንደውም ጉብኝቱን ያለዛ ጎዶሎ ነው ምለው።

አልጣሽን በተመለከተ ለትንሹ ልጅ እውነቱን እንንገረው። አንበሳ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜራ ተተክሎ በፎቶ ተረጋግጧል፣ ከዛ በፊት ዓለም መኖራቸውን አያውቅም ነበር፣ የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቅ ነበር። ግን ፓርኩ ያለበት ቋራ ቆላ ነው፣ 2666 ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ ነው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ስለሚገናኝ እንስሳው ድንበር አያውቅም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ወባና ካላዛር የሚባል ከባድ በሽታ አለ፣ ክረምት መንገዱ ይዘጋል፣ አንበሶቹ ራሳቸው በሌሊት ነው ሚንቀሳቀሱት። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ካሜራ ያስቀመጡት በዓይን ማየቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ለቤተሰብ ሽርሽር አይሆንም፣ ማንም እወስዳችኋለሁ ቢልሽ እንዳትሰሚ። ለልጁ የአንበሳውን ፎቶ አሳዪው፣ ሲያድግ ይሂድ።

መኪናም ገንዘብም በማይኖርበት ሳምንት ደሞ ከከተማ አትውጡ። ቁስቋም ወይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ግቢው ፀጥ ሲል። በኛ ደጋ የድሮው አገር በቀል ደን የቀረው ባመዛኙ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፣ ጥዱ ወይራው እዛ ነው ያለው። ቅርንጫፍ አትቁረጡ፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ልጆቹ ከዛፉ ስር ካለው አፈር ትንሽ በእጃቸው ይያዙ፣ ከአጥሩ ውጪ ካለውም ይያዙ፣ አንዱ ጥቁር እርጥብ ሌላው ደረቅ አቧራ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቁራውንም እዩት፣ መንቆሩ ከጭንቅላቱ ይበልጣል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ የፈረስ ወይ የከብት እበት ካገኘ በመንቆሩ እየበተነ ትል ሲለቅም ታያላችሁ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ ሚኖር ወፍ አይደለም፣ ሰው ከስንት አገር ይሄን ለማየት ይመጣል፣ እኛ ግን እሽ ብለን እናባርረዋለን።

ባይኖኩላር ያልሽው፣ አዎ አንድ ግዙ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አያስፈልግም። 8 በ42 ሚል ቁጥር የተጻፈበት ፈልጊ፣ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ነጋዴው 20 ያቀርባል 30 ያቀርባል እያለ ውድ ሊሸጥልሽ ቢሞክር እምቢ በይ፣ ብዙ ያቀረበ ሁሉ በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል ምንም አያሳይም። ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ በረንዳ ላይ ያለማምዱት፣ መጀመሪያ ወፉን በዓይን ይዞ ዓይኑን ሳይነቅል መነጽሩን ማምጣት ነው ዘዴው።

እኔ ብሆን ጥቅምት ላይ ኮሶዬን እደግመው ነበር፣ ስሜንን ለህዳር፣ ጎርጎራን ለጥር። ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝ፣ መንገዱና አየሩ ያን ሰሞን እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ።